በሬ ያሳረደ

ሰቆጣ ላይ አንድ ሰው ከቀናው «አሳረደ» ይባላል። ጎል ያገባ አሳረደ፤ ባጃጅ የገዛ አሳረደ፤ ቪዛ የመጣለት አሳረደ፤ አማቶቹ ፊት ሳይንተባተብ የተናገረ ሙሽራም አሳረደ። ከጦርነቱ በኋላ መብራት የመጣ ማታ አንዱ ጎረምሳ ጣሪያ ላይ ወጥቶ «አምፖሉ አሳረደ!» እያለ ሰፈሩን ሲያስቅ እንዳመሸ እስከ ዛሬ ይወራል። ቃሉ ለአፍ ይጥማል፤ ለማንም አይከብድም። የሚከብደው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ዝናቡ ትእዛዙ ይባላል፤ በዚያ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ግማሽ ጆንያ የሽምብራ ዘር ትከሻው ላይ አድርጎ ከኢብራሂም ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ነበር።

ለዘሩ ብቻ ብሎ አልነበረም የመጣው። ገበያ በዋለ ቁጥር ሰበብ ፈልጎ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚሄደውም ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ነው። የተለጠፈውን ሁሉ፣ ጨረታውንም የጠፋ በቅሎውንም ሳይቀር፣ አንብቦ ይጨርሳል። ሥራው ሁሉ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምድ የሚሰጥ ሥራ ግን ተለጥፎ አያውቅም። ዝናቡ የውሃ ምህንድስና ተምሮ ከተመረቀ ወዲህ ያን ሰሌዳ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይልቅ አዘውትሮ ተሳልሞታል።

ከሱቁ በር ላይ ሁለት ሰዎች ለስላሳ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱ ባጃጅ ነጂ ነው። ሌላው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ የከተማውን አባባል ገና እየለመደ ያለ የቢሮ ሠራተኛ ነው።

«ቆይ፣ ይሄ አሳረደ የምትሉት ነገር ግን ከየት የመጣ ነው?» አለ ሠራተኛው።

«ከኳስ ነዋ!» አለ ባጃጅ ነጂው። «ድሮ ዋንጫ የበላ ቡድን በግ ይታረድለት ነበር።»

«የለም፣ አታሳስተው» አለ ኢብራሂም ከባንኮኒው ጀርባ፣ ለዝናቡ ጨው እየሰፈረ። «የደሃና ወረዳ ነገር ነው ይሄ። አንድ ገበሬ ልጁ ማትሪክ ቢያልፍለት በደስታ የእርሻ በሬውን ጎትቶ አረደው። ከጥማዱ አንዱን! ሰው ለተዝካር እንኳ የማያደርገውን። ከዚያ ወዲያ ተማሪ ሁሉ ሊፈተን ሲሄድ ‹በርታ፣ አንተም በሬ አሳርድ› ይባል ጀመር። እያደር በሬው ከአፍ ቀረና አሳረደ ብቻ ሆነ።»

«ልጁስ የት ደረሰ?»

«የት አይደርስ! አዲስ አበባ ነው አሉ፤ ትልቅ መሐንዲስ ሆኗል። በሬ የታረደለት ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

ዝናቡ ጆንያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ኢብራሂም ጨውና ሳሙና ሲሸጥለት ከርሟል፤ ስሙን ግን ጠይቆት አያውቅም። «እኔ ነኝ» ቢል ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ አያምኑትም፣ ወይ ያምኑታል። የባሰው ሁለተኛው ነው።

«ትንሽ ጨው ጨምርልኝ» አለና መንገዱን ጀመረ።

በአይሱዙ ጭነት ላይ ተንጠላጥሎ እየተናጠ ሲሄድ የኢብራሂም ወሬ አልለቀው አለ። ነገሩ እውነት ነው፤ ኢብራሂም የሳተው መጨረሻውን ብቻ ነው። ከጦርነቱ በፊት ነው። ውጤት የመጣ ቀን ርዕሰ መምህሩ በእግሩ ዳገቱን ወጥቶ እስከ ደጃፋቸው መጣ። አባቱ ትእዛዙ ወሬውን ቁጭ ብሎ ሰማ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ በረት ገባና ቡላን ፈትቶ አወጣው። ቡላና ዳማ የትእዛዙ ጥማድ ነበሩ፤ ከጥጃነታቸው አሳድጎ ቀንበር ያለመዳቸው እሱ ራሱ ነው። እናቱ ያለምዘውድ «ምን ልታደርግ ነው አንተ ሰውዬ?» ብላ ብትጮኽበት፣ «ታዲያ ደስታዬን የት ላስቀምጠው?» አላት። ማታ ሰፈሩ በሙሉ ሥጋ በላ። ዝናቡም በላ፤ እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር ቀምሶ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ ትምህርቱ ሲቋረጥ ሲቀጠል ኖረ። ዝናቡ እንደ ምንም ተመረቀ። ጥቁር ጋውን ለብሶ የተነሣው ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ባለ ፎቶውም ተመልሶ መጥቶ ከፎቶው ሥር መደቡ ላይ ይቀመጥ ጀመር። አባቱ አንድ ቀን እንኳ ወቅሶት አያውቅም። ቢወቅሰው ይሻለው ነበር። ዝናቡ ያርማል፣ ያጭዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፤ ማረስ ግን ክልክል ነው። ወደ ሞፈሩ ጠጋ ባለ ቁጥር አባቱ «ተው፤ የተማረ እጅ እርፍ አይጨብጥም» ይለዋል። ጎበዝ የሚባል ወጣት ልጅ ድንበር ላይ ቆሞ የሽማግሌ አባቱን ማረስ ያያል። ከዚህ የበለጠ የሚያደክም ሥራ ዝናቡ አያውቅም።

ትእዛዙ በተረፈው በዳማ ብቻ አራሽ ሊባል አይችልም። ባለ አንድ በሬ ገበሬ እንደ እሱው ባለ አንድ በሬ የሆነ ሰው ፈልጎ ሁለቱን በሬዎች ያጣምራል፤ አንድ ቀን የአንዱ፣ አንድ ቀን የሌላው መሬት ይታረሳል። መቀናጆ ይባላል። መቀናጆ ከጋብቻ ይብሳል፤ ሚስት ብታኮርፍ እርሻ አይቆምም። ዳማ የተቀናጀው ከጎረቤታቸው ከአሳምነው በሬ ከጥቁሬ ጋር ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ክረምቱ ሳይጠግብ ወጥቶ ደጋው ላይ ገብሱ ፍሬ ሳይዝ ቀረ። የሁለቱም ቤት ተስፋ ታች ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር መሬት ነው፤ እርጥበቱ ሳይሸሽ ሽምብራ ከተዘራበት ለከርሞ ያደርሳቸዋል። እርጥበቱ ቢቆይ ቢቆይ አንድ ሳምንት ቢቆይ ነው።

ከአይሱዙው ወርዶ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ሰፈሩ ሲደርስ ጀንበር አዘቅዝቃለች። ከአሳምነው ቤት እልልታ ይሰማል። የአሳምነው ልጅ ማህደር ከርቀት አይታው ቁልቁል እየሮጠች መጣች።

«አለፍኩ ዝናቡ! ጉብታው ላይ ወጥቼ ኔትወርክ ሲመጣ አየሁት። ከትምህርት ቤቱ እኔ ብቻ ነኝ ያለፍኩት!»

ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከግራሩ ሥር ሒሳብና ፊዚክስ ሲያስጠናት የከረመው እሱ ነው። ዝናቡ የተማረው ነገር ለአንድ ሰው ሲጠቅም ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ደስ አለው፤ ከልቡ ደስ አለው። ዓይኑ እንባ ስላቀረረ ጆንያውን የሚያወርድ መስሎ ጎንበስ አለ።

ቀና ሲል አሳምነው ከደጃፉ ቆሞ፣ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት ለመጡት ጎረቤቶች ሁሉ እጁን ወደ ሰማይ እያነሣ ይናገራል።

«እሁድ ነው! ማንም እንዳይቀር! ጥቁሬን አርድላታለሁ። የአሳምነው ልጅ አሳረደች ይባላል!»

እልልታው ቀለጠ። ዝናቡ ዓይኑን ወደ በረቱ መለሰ። ጥቁሬ በረቱ ጥግ ቆሞ ያመሰኳል፤ የሚወራው ስለ እሱ መሆኑን አያውቅም።

ቤት ሲገባ አባቱ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጠፍር እያለፋ አገኘው፤ ለሰኞ እርሻ ቀንበሩን የሚያስሩበትን።

«አባ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ይከልክሉታ! ጥቁሬ ከታረደ ዳማ ከማን ጋር ሊያርስ ነው? የእኛም የእሱም መሬት ጦም ማደሩ ነው።»

ትእዛዙ ጠፍሩን ማልፋቱን አልተወም። «በምን አፌ ልከልክለው? ቡላን ሳርድ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በልቷል። ዛሬ ደርሼ የልጅህን ደስታ ተው ብለው ምን ይለኛል? ምቀኛ ነው የሚለኝ።»

«ምቀኝነት አይደለም፣ እርሻ ነው!»

«እሱ ዛሬ እርሻ አይታየውም። እኔም ያኔ አልታየኝም።»

ያለምዘውድ ጆንያውን ከፍታ ሽምብራውን በእፍኟ እየዘገነች ታይ ነበር። «ክርክሩን ተዉት» አለች። «እኔ ነገ ብረት ምጣዱን እጥዳለሁ። ዘር መሆኑ ከቀረ ቆሎ ይሁን፤ ቆሎ እየበላችሁ ተያዩ።»

በማግስቱ ዝናቡ ራሱ ወደ አሳምነው ሄደ። አሳምነው ሰፊ ደረትና ቶሎ የሚግል ቁጣ ያለው፣ ልቡ ግን ቅን የሆነ ሰው ነው። አጥር እያጠናከረ ነበር፤ ለእንግዳ ብሎ።

«አያ አሳምነው፣ አንድ ነገር ልበልዎትና አይቆጡኝ። ጥቁሬን ይተዉት። በግ ይበቃል።»

አሳምነው እንጨቱን መሬት ላይ አኖረው። «ለአንተ በሬ፣ ለእኔ ልጅ በግ?»

«እኔን ይዩኛ! ለእኔ ታርዶ ምን ሆንኩ? የት አለሁ? ያን በሬ ካረደ ወዲህ አባቴ እስከ ዛሬ አላገገመም።»

«አባትህ ነው የላከህ?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ የራስህ ነገር ነው» አለ አሳምነው፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ያ ነው የከፋው። «አንተ ልጅ፣ አስተምረሃታል፤ አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ከደሃና እስከ ሰቆጣ ሰው ሁሉ ያንተን በሬ ያወራል። የሚወራ ሌላ እንዲመጣ አልፈለግክም፣ አይደል? ልጄ እንዳትስተካከልህ ነው?»

እንዲህ ያለ ነገር በዝናቡ ልብ አልፎ አያውቅም፤ ግን እንዴት አድርጎ ያስረዳል? ያን ወሬ ከሰው አፍ ላይ ቢያወርዱለት እግራቸውን በሳመ ነበር። ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ማህደር ከቤቱ ጓሮ ዞራ ደረሰችበት። ስታለቅስ ቆይታለች።

«በሬውን አልፈልገውም ብዬ ነግሬዋለሁ። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ሴት ስለሆነች በግ ታረደላት እንዲባልብሽ ነው?› አለኝ። ምን ልበለው ዝናቡ? ሌላው አባት ልጁን ሊድር ይሯሯጣል። የእኔ አባት ያስተማረኝ ከሁሉ ጋር ተጣልቶ ነው። ይሄን ብለውጥበት ልቡ ይሰበራል።»

«አትለውጪበት» አላት ዝናቡ። «አንቺ ብቻ ሂጂ፣ ተማሪ። ደግሞ ስትመለሺ...» አለና ተወው። ስትመለሽ ምን እንደሚጠብቅሽ እኔን እዪ ሊላት ነበር። ለደስተኛ ሰው እንዲህ አይባልም።

በቀሩት ቀናት ማንም ስለ በሬው አላነሣም። ትእዛዙ ጠፍሩን አልፍቶ ጨረሰ፤ ማረሻውን ሞረደ፤ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ጣሪያውን ሲያይ ዋለ። ቅዳሜ ማታ በረት ገብቶ ብዙ ቆየ። ዝናቡ ከበሩ ሆኖ ሲያየው ዳማን ግንባሩ ላይ ያከዋል።

እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰው ሁሉ ወደ አሳምነው ቤት ጎረፈ። ጠላ ተቀድቷል፤ ዳስ ተጥሏል፤ ቄሱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። የማህደር እናት ይታየሽ ጥሬ ሥጋ የሚቀርብበትን ትልቅ ገበታ አጥባ አቁማለች። ጥቁሬ ከዳሱ ፊት ካለው ግንድ ላይ ታስሯል። ጎረምሶቹ ቢላዋ ይስላሉ፤ እየሳሉም «ማህደር አሳረደች!» እያሉ ይዘፍናሉ። ዝናቡ ከሰው መሐል ገብቶ ቆሟል፤ መቅረት ምቀኝነት እንዳይመስልበት።

«ትእዛዙ የት አለ?» አለ አሳምነው። «ቢላዋውን መጀመሪያ እሱ ይያዝልኝ። ነገሩን የጀመረው እሱ ነው።»

ሰው አንገቱን ዞር ዞር አደረገ። ትእዛዙ የለም። ቀጥሎ አንዲት ሴትዮ «ያው መጣ» አለች፤ ሁሉም ወደ ጎዳናው አየ።

ትእዛዙ የክት ጋቢውን ለብሶ፣ ቀንበር ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ዳማን እየሳበ ዳገቱን ይወጣል። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ዘፈኑ ቆመ። በሰው መሐል አልፎ ዳማን ከጥቁሬ ጎን እዚያው ግንድ ላይ አሰረው። ሁለቱ በሬዎች የተላመዱ ናቸውና ወዲያው ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። ቀንበሩንም ከእሳቱ አጠገብ አጋደመው።

«እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ» አለ። «ባዶ እጄን አልመጣም።»

አሳምነው ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «ምንድን ነው ይሄ?»

«በሬ ነው። ከጥቁሬ ጋር እረደው።»

«ትቀልዳለህ?»

«ለቀልድ ደርሼ አላውቅም፣ ታውቀኛለህ። ጥቁሬ ከሄደ ዳማ ለብቻው ምን ይሠራልኛል? ሥጋው ዛሬ ይበላ። ቀንበሩንም አምጥቻለሁ፤ ደረቅ እንጨት ነው፣ ደህና አድርጎ ያበስላል።»

ቄሱ ጭራቸውን ማወዛወዝ ትተው ቀና አሉ። የአሳምነው ፊት ቀላ።

«በልጄ ደስታ ቀን፣ በእንግዳ ፊት ልታዋርደኝ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም» አለ ትእዛዙ። ደክሞት ነበር፤ ሳይጋበዝ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ስማኝ አሳምነው። አገሩ ሁሉ በሬ ያሳረደውን ያወራል። ያረደውን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ማንም ሳይጠይቀኝ ልናገር። ቡላን በበላን ማግስት ጠዋት በረት ስገባ ዳማ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሣር ሰጠሁት፤ ዘወር ብሎ የቡላን ቦታ ያያል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከዚያ ስንት ደጅ ጠናሁ? ያንተም ደጅ አንዱ ነበር፤ አላሳፈርከኝም፤ እግዜር ይስጥህ። ግን በሬ ለምኖ የሚያርስ ሰው፣ ሰው ከዘራ በኋላ ይዘራል፤ ሰው ካጨደ በኋላ ያጭዳል፤ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ደግሞ ይርበዋል። ይሄን የሚነግረኝ ሰው ያኔ አልነበረም። ሁሉም እጁን ታጥቦ ተቀምጦ ነበር።»

አሳምነው አንዴ በሬዎቹን፣ አንዴ ልጁን ያያል። «ሴት ልጅ ስለሆነች...» አለና አንድ እርምጃ ወደ ትእዛዙ ቀረበ። «ሴት ስለሆነች በግ ታረደላት እንዲሉኝ አልፈልግም፣ ትእዛዙ።»

ዝናቡ እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲለምን አይቶ አያውቅም። በአጥሩ ሥር የሰማው ክፉ ንግግር ሁሉ ከልቡ ወጣለት።

ትእዛዙ ተነሣና ወዳጁን በትከሻው ያዘው። «አይሉህም» አለው። «ለእኔ ልጅ አንድ በሬ ወደቀለት። ላንተ ልጅ ሁለት በሬ ቆመላት ይባል። ማን ይበልጣል?»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ይታየሽ ናት። ምንም ሳትናገር ያጠበችውን ትልቅ ገበታ ደፍታ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ሄዳ አንድ ሙክት ይዛ መጣች። ቄሱ «መልካም ነው» አሉ፤ ቄስ ሲሉት ደግሞ ነገር ያልቃል። አሳምነው ጥቁሬን ሊፈታ ሄዶ ገመዱ አልፈታ አለው። ማህደር ደርሳ ፈታችለት። ከዚያ አባትና ልጅ በሬው አንገት ላይ ተደግፈው ሲያለቅሱ ሰው ፊቱን አዞረላቸው። ጎረምሶቹ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል፤ ቢላዋውን ለበሬ ነበር የሳሉት። ሙክቱ ሲወድቅ ግን «አሳረደች!» ማለቱን አልተዉም።

ሰኞ ማለዳ ማህደር ጥቁሬን እየነዳች መጣች። ተራው የእነ ማህደር ነበር፤ አሳምነው ግን «እናንተ ቅደሙ» ብሎ ልኳታል። ትእዛዙና ዝናቡ በሬዎቹን ይዘው ወደ ታች ሜዳ ወረዱ። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፤ እግር ላይ ይለጠፋል። ትእዛዙ በሬዎቹን ጠመደ፤ አዲሱን ጠፍር አጠበቀ። ዝናቡ እንደ ልማዱ ድንበሩ ላይ ሊቆም ወደ ኋላ አለ።

«ና» አለው አባቱ።

«ና» ያለው በአገውኛው በኽምጣንጋ ነበር። ትእዛዙ ሰው ፊት በአማርኛ ይናገራል፤ የልቡን ሲያወራ ግን ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። ዝናቡ ቀረበ።

«እንካ፣ ያዝ» አለና እርፉን አሳየው።

ዝናቡ እጁን አልዘረጋም። «የተማረ እጅ እርፍ አይጨብጥም ይሉኝ የለ?»

«እል ነበር።» ትእዛዙ ፀሐይዋን፣ ሜዳውን፣ በሬዎቹን አየ፤ ልጁን ግን አላየውም። «እርፍ ከያዝክ ቡላ በከንቱ ሞተ ማለት መሰለኝ። ለዚያ ነው። ትላንት ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የአሳምነውን ልጅ ሳያት ያየሁት አንተን ነው። ሥጋውን ሰፈሩ በላና ረሳው። በሬውን ግን አንተ ላይ ጫንኩት፤ ይዘኸው ዩኒቨርሲቲ ሄድክ፤ ይዘኸው ተመለስክ። ባዶ እጅህን እንኳ ወደ አባትህ ቤት መግባት አልቻልክም።»

ለዝናቡ እስከ ዛሬ አባቱ በዝምታው የሚወቅሰው ይመስለው ነበር።

«አሁንስ አባ? አሁን እርፉን ብይዝ ቡላ በከንቱ አልሞተም?»

ትእዛዙ ሽምብራውን ከጆንያው ወደ ጋቢው ቀዳ።

«እሱን አላውቅም» አለ። «አሁን ደክሞኛል ልጄ። አንተም ደክሞሃል። ያዝ።»

ዝናቡ እርፉን ያዘ። ከአባቱ እጅ የተነሣ ለስልሶ ነበር፤ ገና ሙቀቱም አልለቀቀውም። ጅራፉን አነሣ፤ ሳይመታቸው በሬዎቹ ሄዱ። ትእዛዙ ሽምብራውን ጋቢው ውስጥ ይዞ ከፊት ከፊት ይበትናል፤ ዝናቡ ከኋላው አፈር እያለበሰ ይከተላል። የመጀመሪያው ፈር ጠመመ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። አባቱ ዞር ብሎ አየውና ምንም ሳይል መዝራቱን ቀጠለ።